ያለ ሰምና ወርቅ፦ የነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ ሁለት ሥራዎች በአንድ ጥራዝ

የነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝን ሁለት ዋና ሥራዎች፣ ማለትም «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ»ን እና «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ን፣ በአንድ ላይ አጣምሮ የያዘ ድጋሚ ኅትመት በእጄ አለ። ይገዛ ወይስ አይገዛ ለሚለኝ ሰው መልሴ ይገዛ ነው፤ ነገር ግን ገዢው ምን ዓይነት መጽሐፍ ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚገባ አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻለዋል። የአድዋን ገናናነት ለማንበብ፣ ወይም ስለ ደጉ ዘመን ሰምቶ ልቡን ለማሳረፍ የሚፈልግ አንባቢ እዚህ የሚያገኘው ብዙ ነገር የለም። መጽሐፉ ቤተ መንግሥቱን፣ መኳንንቱን፣ ወታደሩን፣ ታሪክ ጸሐፊውንና በመጨረሻም ሕዝቡን ራሱን ስም እየጠራ የሚወቅስ፣ ወቀሳውንም በምክንያት እየደገፈ እስከ መጨረሻው የሚከተል ነው።

በአገራችን ሥልጣንን መተቸት አዲስ ነገር አልነበረም። ባለቅኔው በሰሙ ንጉሥን ሲያሞካሽ የሰማ ሰው ወርቁን እስኪያወጣ ድረስ ስድቡ አይገለጥለትም፤ አዝማሪው በግብር ላይ መኳንንቱን ሲነካ ሳቁ ይሸፍንለታል፤ እረኛው የሚያንጎራጉረውም ቢሆን ተናጋሪው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ከአፍ ወደ አፍ ይሻገራል። የእነዚህ ሁሉ ጥበብ አንድ ነው፤ ነገሩ ይነገራል፣ ተናጋሪው ግን አይያዝም። ዜና መዋዕል ጸሐፊው ደግሞ ከንጉሡ ማዕድ እየበላ ስለሚጽፍ፣ ድርቅና ቸነፈር እንኳ ቢመጣ ከመንግሥት አሠራር ጋር የሚያያይዘው እምብዛም አይደለም። ገብረሕይወት ሁለቱንም መንገድ ትቶ በዝርው አማርኛ፣ በገዛ ስሙ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ገንዘብና ስለ ሕግ ጻፈ። ለእኔ የመጽሐፉ ትልቁ ዋጋ ይኸው ነው፤ ኃይለ ቃሉ የተሰነዘረው በአንድ ሹም ጠባይ ላይ ሳይሆን ሹሙን እንደዚያ እንዲሆን በሚያደርገው አሠራር ላይ ነው።

ስለ ጸሐፊው ሕይወት ጥቂት ማወቅ ንባቡን ያቀልላል። እ.ኤ.አ. በ1886 በአድዋ አካባቢ ተወለደ፤ አባቱ በአጤ ዮሐንስ አገልግሎት የነበሩ ሲሆን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር መተማ ላይ ወድቀዋል። ልጁ ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ጀምሮ፣ በኋላ በጀርመን መርከብ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በአንድ የኦስትሪያ ቤተሰብ ዘንድ አደገ። ወደ አገሩ ተመልሶ በአጤ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ዙሪያ አገለገለ፤ ቀጥሎ የስደት ዓመታት መጡ፤ ከዚያም የምድር ባቡር ተቆጣጣሪ፣ በመጨረሻም የድሬዳዋ ነጋድራስ፣ ማለትም የንግድና የቀረጥ ሹም፣ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1919 ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ሳለ ሞተ። ቀረጥ ሲሰበሰብ፣ ባቡር ምን ጭኖ ወደ ጅቡቲ እንደሚወርድና ምን ጭኖ እንደሚመለስ በዓይኑ ያየ ሰው መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ሥራ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» እ.ኤ.አ. በ1912 «ብርሃን ይሁን» በተባለ መድበል ውስጥ አስመራ ታተመ። አጭር ነው፤ በአንድ ምሽት ያልቃል። ለእኔ ግን ከሁለቱ ይህ ይበልጣል፤ ጥራዙንም ከዚህ መጀመር ይሻላል። ጊዜውን ማስታወስ ይገባል፦ ምኒልክ በሕመም አልጋ ላይ ናቸው፣ ወራሹ ልጅ ኢያሱ ገና ወጣት ነው፣ መኳንንቱ እርስ በርስ ይተያያሉ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ አዲስ አበባ ላይ ሳይሆን በጣሊያን ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው አስመራ፣ በሚሲዮን ማተሚያ ቤት መታተሙ የሚያስገርምም የሚያሳዝንም ነው። ስለ ኢትዮጵያ መንግሥት ድክመት በአማርኛ በግልጥ የሚጻፍበት ወረቀት የተገኘው ያ መንግሥት በማያዝበት ምድር ነበር።

ድርሰቱ በምኒልክ አይጀምርም፤ በታሪክ አጻጻፍ ይጀምራል። ታሪክ የሚጽፍ ሰው የተደረገውን የሚያስተውል ልቡና፣ በተደረገው ላይ ሳያዳላ የሚፈርድ አእምሮ፣ ያስተዋለውንና የፈረደውን የሚገልጥበት የጠራ ቋንቋ ሊኖረው ይገባል ይላል። ወዲያው ደግሞ ወደ አገሩ ጸሐፊዎች ዞሮ በሦስቱም ያጎድላሉ፣ ትልቁን ነገር ትተው ትንሹን ይመለከታሉ፣ በፍርድ ፈንታ በአድልዎ ይጽፋሉ፣ አጻጻፋቸውም ተዘበራርቆ ለአንባቢ አይገባም ሲል ይከሳል። ይህን ክፍል ደግሜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ብዙ ጊዜ ሒስ የሚጽፍ ሰው ሌላውን የሚመዝንበትን ሚዛን ይደብቃል፤ ገብረሕይወት ግን መመዘኛውን በመጀመሪያው ገጽ ላይ አስቀምጦ በዚያው መመዘኛ ራሱም እንዲመዘን ፈቅዷል። በእርግጥ ሲመዘን በሁለተኛው ላይ ጥቂት ይጎድላል፤ የትውልድ አገሩ የትግራይ ሕዝብ መበተኑንና መጎሳቆሉን ሲጽፍ ድምፁ ይለወጣል፣ ፍርዱም ከዚያ ቁስል ይነሳል። እኔ ይህን እንደ ነውር አላየውም፤ ሆኖም ያለ አድልዎ መጻፍን እንደዚያ አጥብቆ የጠየቀ ሰው መሆኑን አንባቢ ሊረሳው አይገባም።

ስለ ምኒልክ ያለው ፍርድ በሁለት በኩል የተሳለ ነው። የአገር አንድነትንና ከቀድሞው ዘመን የተሻለ ጸጥታን ያመሰግናል፤ ነገር ግን ያ ሁሉ በአንድ ሰው ብርታት ላይ የቆመ እንጂ በሥርዓት ላይ የቆመ አለመሆኑን ያስጠነቅቃል። የኃይል ምንጭ የሠራዊት ብዛት ሳይሆን ሥርዓት ነው፣ በሕግ የምትተዳደር ትንሽ ከተማ ሥርዓት ከሌለው ሰፊ መንግሥት ትበልጣለች የሚለው ሐሳቡ ዛሬ በብዙዎች አፍ የሚመላለስ ሆኗል። ይህ በተጻፈበት ጊዜ አገሪቱ በዘመናዊነት ጎዳና ላይ እንደሆነች የሚነገርባቸው ምልክቶች ሞልተው ነበር፤ የአቢሲኒያ ባንክ ተከፍቷል፣ እ.ኤ.አ. በ1907 ሚኒስትሮች ተሹመዋል፣ በዓመቱ የምኒልክ ትምህርት ቤት ተመሥርቷል፣ ባቡርም ድሬዳዋ ደርሷል። ገብረሕይወት በእነዚህ አይደለልም። ሚኒስትር መሾም አንድ ነገር ነው፤ ሚኒስትሩ የሚሠራበት ሕግ፣ የሚያዝበት ገንዘብና የሚጠየቅበት ሥርዓት መኖሩ ደግሞ ሌላ ነው።

ከወቀሳው ቀጥሎ የሚያቀርባቸው ጥያቄዎችም እንደዚሁ በጭብጥ የተያዙ ናቸው። ግብር ልኩ ታውቆ ይወሰን፤ የንጉሡ ሀብትና የመንግሥት ሀብት ይለይ፤ ሹምና ወታደር ከባላገሩ ላይ በሚነጥቀው ሳይሆን በደመወዝ ይደር፤ አሞሌና ጠገራ ብር በሚዞርበት አገር የገንዘብ ዓይነት አንድ ይሁን፤ ሕግ ተጽፎ ይታወቅ፤ ጉምሩክ ይስተካከል፤ ትምህርት ይስፋፋ፤ ሰው በሃይማኖቱ አይጨቆን። ከእነዚህ ውስጥ ስለ ወታደሩ የጻፈው ላይ መቆም እወዳለሁ፤ ምክንያቱም የሒሱ ስልት በጣም የሚታየው እዚያ ነው። በባላገሩ ቤት ገብቶ የሚበላውን ወታደር ማንም ይረግመዋል፤ ይህ ቀላል ነው። ገብረሕይወት ግን ወታደሩ ደመወዝ ስለሌለው ይበላል፣ ደመወዝ የሌለው መንግሥት ግምጃ ቤት ስለሌለው ነው፣ ግምጃ ቤት የሌለው ግብሩ ልክ ስለሌለው ነው፣ ልክ የሌለው ግብር ደግሞ ገበሬው ትርፍ እንዳያመርት ያደርገዋል ወደሚል ሰንሰለት አንባቢውን ይወስደዋል። መጨረሻ ላይ ወታደሩ ራሱም እንደ ባላገሩ ሁሉ የሥርዓቱ ተጎጂ ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛው ሥራ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ጸሐፊው ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1924) አዲስ አበባ ታተመ። ይህ ሰፊውና ከባዱ ክፍል ነው። የሀብት ምንጭ ድካም መሆኑን፣ ድካምንም ፍሬያማ የሚያደርገው ዕውቀት መሆኑን ከሥሩ ጀምሮ ያስረዳል፤ እነዚህ የመጀመሪያ ምዕራፎች የመማሪያ መጽሐፍ ጠባይ ስላላቸው ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ወደ ንግድ ሲደርስ ግን መጽሐፉ ነፍስ ይዘራል። ሐሳቡን በራሴ አባባል ላስቀምጠው፦ ቆዳ ሸጦ ጫማ የሚገዛ ሕዝብ የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የጥቂት ሰዓት ድካም ይቀበላል፤ ንግዱ በሰፋ ቁጥርም የሚሰጠው እየበዛ፣ በአንጻሩ የሚቀበለው እያነሰ ይሄዳል። በዕውቀት የበለጠው ወገን ያላዋቂውን አገር በጦር ሳይወጋ ሊገዛው ይችላል ማለት ነው። የሦስተኛው ዓለም የኢኮኖሚ ጥገኝነት የሚባለው ነገር በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች መነጋገሪያ የሆነው ከዚህ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

በዚህ መነጽር ባቡሩን ሲያይ የሚደርስበት ፍርድ ዛሬም ያስደነግጣል። ባቡር ለማንም አገር ሁሉ ሥልጣኔ ነው በሚባልበት ጊዜ፣ ራሱ የባቡር ተቆጣጣሪ የነበረ ሰው፣ የእጅ ሥራ ለሌለውና ጥሬ ዕቃ ብቻ ለሚሸጥ ሕዝብ ባቡር ሀብቱን ፈጥኖ የሚያስወጣበት መንገድ ሊሆን ይችላል ብሎ ይጽፋል። ባቡሩ አይሠራ ማለቱ አይደለም፤ ባቡሩ ከመጣ በኋላ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ፋቂው ምን ይሆናሉ ብሎ መጠየቁ ነው። የጦርነት ነገርም እንደዚሁ ነው። እርስ በርስ የተደረጉትን ውጊያዎች በጀግንነት መዝገብ ሳይሆን በሀብት መዝገብ ላይ ያሰፍራቸዋል፤ የተቃጠለው ጎተራ፣ የታረደው የእርሻ በሬ፣ ሳይዘራ ያለፈው ክረምት ይቆጠራል። ፉከራና ቀረርቶ እየሰማ ላደገ አንባቢ ይህ አቆጣጠር መራራ ነው።

ጉድለቶቹን ሳልጠቅስ ባልፍ ጸሐፊውን መሸንገል ይሆናል። ገብረሕይወት አውሮፓን በቅርብ አይቶ ስላደገ፣ ዕውቀት ሲል ብዙ ጊዜ የአውሮፓን ዕውቀት ብቻ ማለቱ ነው፤ ገበሬው ስለ አፈር፣ ስለ ዘርና ስለ ዝናብ የሚያውቀውን ከዕውቀት አይቆጥረውም። ያላዋቂ ሕዝብ የሚለው ቃል በየገጹ ሲመላለስ ወቀሳው ወደ ንቀት ይጠጋል። ጃፓንን ምሳሌ አድርጎ ማቅረቡ በዘመኑ ከነበሩት ምሁራን ጋር ያመሳስለዋል፤ ሆኖም ጃፓን ወደዚያ የደረሰችበትን የራሷን የቆየ የከተማ፣ የንግድና የትምህርት መሠረት በበቂ አይመረምርም። ከሁሉም የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። አሠራሩን ሁሉ እንደዚያ በጥንቃቄ ከመረመረ በኋላ መድኃኒቱን የሚጠብቀው ከዙፋኑ ነው። መንግሥት በአንድ ሰው ብርታት ላይ መቆሙን የነቀፈ ጸሐፊ የሚለውጠውን አንድ ብርቱ ሰው ይጠብቃል። ለምን እንደዚያ እንዳሰበ ይገባኛል፤ በዚያ ዘመን ማንበብ የሚችልና ማዘዝ የሚችል ሰው በአብዛኛው የሚገኘው በቤተ መንግሥት ዙሪያ ነበርና። ቢሆንም መከራከሪያው እዚህ ላይ ይላላል።

ይህን ጥራዝ ከኋላ ከመጡት የሒስ ድርሰቶች ጋር አጠገብ ለአጠገብ ማንበብ ጥሩ ነው። በ1955 ዓ.ም. የወጣው የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ታግዷል፤ የደርግን ዘመቻ የተቸው «ኦሮማይ»ም ከገበያ ተለቅሞ ደራሲው በዓሉ ግርማ እ.ኤ.አ. በ1984 እንደወጣ ቀርቷል። ሁለቱም ሒሳቸውን በልብ ወለድ አልብሰው ነበር የጻፉት፤ ልብሱም አላዳናቸውም። ገብረሕይወት ያለ ልብስ ጽፎ በሹመት ላይ ሳለ መሞቱ ዘመኑ ይበልጥ ታጋሽ ስለነበረ ነው ብዬ አላምንም። ዋናው ሥራው ሲታተም እሱ በሕይወት አልነበረም፤ የመጀመሪያውም የታተመው ከአገር ውጭ ነበር።

በመጨረሻ ስለ ኅትመቱ። በእጄ ያለው ቅጂ ፊደሉ ደቃቅ፣ መስመሩ የተጨናነቀ ነው፤ ሙጫው ደካማ ስለሆነ ሁለተኛ ንባብ ላይ ገጾች መላቀቅ ጀምረዋል። ይህ ይታለፋል። የማይታለፈው ማብራሪያ አለመኖሩ ነው። መልከኛ፣ ጉልት፣ ኬላ የሚሉትን ቃላት የዛሬ ወጣት አንባቢ በትክክል ምን እንደሚገልጹ ሳያውቅ የግብር ምዕራፎችን መከተል አይችልም፤ የሚጠቀሱት መኳንንትም እነማን እንደሆኑ ከሥር የሚናገር አንድ መስመር የለም። ታሪክ የተማረ ሰው እንደምንም ይወጣዋል፤ በኢኮኖሚክስ ወይም በሕግ ትምህርት ላይ ያለ ተማሪ ግን፣ ይልቁንም መጽሐፉ በጣም የሚጠቅመው እሱን ሆኖ ሳለ፣ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ለተማሪ የሚገዛ ሰው የዘመኑን አጠቃላይ ታሪክ የሚያስረዳ ሌላ መጽሐፍ አብሮ ቢገዛለት መልካም ነው። አሳታሚዎችም ዳግመኛ የሚያሳትሙት ከሆነ አሥር ገጽ የማይሞላ መፍቻና የስም ማውጫ ቢጨምሩበት፣ ዋጋው ጥቂት ከፍ ቢል እንኳ ገዢ አያጣም።