ሩቅ ቀይ ጋላክሲዎችን መለየት፦ በቀለም ወይስ በስፔክትረም?

በጥልቅ የሰማይ ቅኝት እጅግ ቀልቶ የሚታይ ሩቅ ጋላክሲ በአብዛኛው ኮከብ መፍጠር ያቆመ አሮጌ ጋላክሲ ነው፤ አለዚያም ወጣት ኮከቦቹ በአቧራ የተጋረዱበት ነው። በ1994 ይፋ የሆነው ኤችአር 10 የተባለ ጋላክሲ መጀመሪያ ከአሮጌዎቹ ተመድቦ ነበር፤ በኋላ ግን በአቧራ የተሸፈነ የኮከብ መፈልፈያ መሆኑ ተረጋገጠ።

በቀለም የሚለየው ዘዴ ብርሃኑን በጥቂት ማጣሪያዎች ብቻ ስለሚለካ በሺዎች የሚቆጠሩ ጋላክሲዎችን በአንድ ጊዜ ይመድባል። የአሮጌ ጋላክሲ ብርሃን፣ ከምንጩ ሲነሣ ባለው የሞገድ ርዝመት፣ ከ400 ናኖሜትር በታች በድንገት ስለሚያሽቆለቁል፣ ከዚህ ወሰን ወዲህና ወዲያ ባሉ ሁለት ማጣሪያዎች መካከል የሚለካው ቀለም በጣም ይቀላል፤ ወደ ኢንፍራሬድ በሚዘልቁ ማጣሪያዎች የሚለካው ግን መጠነኛ ሆኖ ይቀራል። አቧራ ግን ብርሃንን ቀስ በቀስ ስለሚያደበዝዝ ሁለቱንም ያቀላል። ችግሩ በሁለቱ ወገኖች ድንበር ላይ ነው፤ ትንሽ የልኬት ስሕተት ጋላክሲውን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያሻግረዋል።

ስፔክትረም፣ ማለትም በየሞገድ ርዝመቱ የተዘረዘረ ብርሃን፣ ርቀቱንም ጭምር በትክክል ይነግራል፤ በ372.7 ናኖሜትር የሚደምቀው የኦክስጅን መስመር፣ በወፍራም አቧራ ካልተዋጠ በቀር፣ ኮከብ መፈጠሩን ያመለክታል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፦ ለደብዛዛ ጋላክሲ ግዙፍ ቴሌስኮፕ ለሰዓታት ማነጣጠር ያስፈልጋል። በቺሊ ባለ 8.2 ሜትር ቴሌስኮፖች የተካሄደው የኬ20 ቅኝት በ2002 ሁለቱ ወገኖች በቁጥር እንደሚቀራረቡ ያሳየው በዚህ መንገድ ነው።

ለቆጠራ እኔ ቀለምን እመርጣለሁ፤ ድንበር ላይ ላሉት ግን ያለ ስፔክትረም መፍረድ ድፍረት ይመስለኛል።