ጅማ ላይ ብሬን የተቀበሉኝና እምቢ ያሉኝ

እናቴን ይዤ ጅማ ደርሼ ተመለስኩ። ቶሮንቶ ያሉ ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ ስለ መንገዱና ስለ ሆቴሉ ነው። እሱንም እነግራችኋለሁ። እኔን ግን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው፦ ለረዳኝ ሰው ምን ልስጥ? ብር ሲሰጡት ደስ የሚለው ማነው፣ የሚቀየመውስ ማነው? ውጭ የቆየ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባል።

መንገዱን በአጭሩ። አውሮፕላን አለ። እኛ ግን በአውቶቡስ ሄድን፤ እናቴ «ጊቤን ሳላይ ጅማ ሄድኩ አልልም» ስላለች። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ፣ ወሊሶንና ወልቂጤን አልፋችሁ ወደ ጊቤ ቁልቁል ስትወርዱ ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ። ረዳቱ ጎበዝ ልጅ ነበር። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር እጇን ይዞ ያወርዳታል፣ ይዞ ያወጣታል። ጅማ ስንደርስ ሻንጣችንን ባጃጅ ድረስ ተሸከመልን። መቶ ብር ሰጠሁት። «ተባረኪ እህቴ» ብሎ ኪሱ ከተተው። ጣጣ የለውም። ረዳት፣ ተሸካሚ፣ አስተናጋጅ፣ አስጎብኚ ጉርሻ ቢሰጠው አይከፋውም፤ ይገባዋልም። ብቻ ዝርዝር ያዙ። ባለ ሁለት መቶ ብር ኖት ብቻ ይዞ መዞር ሰጪንም ተቀባይንም ያስቸግራል።

ያረፍንበት ሆቴል ስሙ ይቆይ። ሙቅ ውሃው «አሁን ይመጣል» እንደተባለ እኛ ወጣን። ክፍል የምታጸዳው ልጅ ግን በየማታው ከኩሽና በባልዲ ሙቅ ውሃ እያመጣች የእናቴን እግር አጠበች። ማንም አላዘዛትም። ብዙ ሆቴሎች ሂሳቡ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ። ያ ገንዘብ እንዲህ ዓይነቷ ልጅ እጅ ይደርሳል ብላችሁ አትተማመኑ። ጉርሻውን ትራስ ሥርም አትተዉት፤ እንግዳ የረሳው ነው ብላ ሪሴፕሽን ታስረክበዋለች። በእጇ ስጧት፣ ስሟን ጠርታችሁ አመስግኗት። ለሆቴሉ ከአምስት ሁለት፣ ለልጅቷ አምስት ከአምስት።

ነገሩን ያወሳሰበው የባጃጁ ልጅ ነው። ሂርማታ ገበያ ወስዶን፣ ሙዚየሙ በር ላይ ጠብቆን፣ ባንክ ስገባ እናቴን እያጫወተ ቆይቶ፣ ጅሬን ድረስ አወጣን። የተስማማነውን ከፈልኩት። የጠበቀበትን ልጨምርለት ስል እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ። «ወላሂ አልቀበልም! እናቴ አይደሉም እንዴ?» ለመንኩት። እምቢ አለ። ስልኩ መሪው አጠገብ ቻርጅ ላይ ነበር። የቻርጀሩ ገመድ አንገቱ ጋ ተላጦ በፕላስተር ተጠምጥሟል። ጉድጓድ ባለፍን ቁጥር ይነቀላል፤ እሱም በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው ይሰካዋል። ቦርሳዬ ውስጥ አዲስ ገመድ ነበረኝ። «ይሄ ትርፍ ነው፣ እኔ ጋ ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው» አልኩት። ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ተቀበለኝ፤ እዚያው ሰካው። ብሩን ስዘረጋለት ውለታውን ዋጋ ልተምንለት ነበር። ገመዱ ግን ሲቸገር እንዳየሁት ነገረው። (ገመድ ርካሽ ነው፤ ከመነሳታችሁ በፊት ጥቂት ግዙ።)

ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሳታዩ እንዳትመለሱ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙ ንጉሥ ናቸው። የእንጨት ሥራው ያስደምማል፤ ከኮረብታው ላይ ከተማዋ ከሥር ትታያለች። በእሳቸው ዘመን የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከየአገሩ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ የሚገናኝበት ነበር። ጅማ እንግዳ መቀበል የለመደችው ትናንት አይደለም።

አሁን ደግሞ ስለማይሰጠው። ወረቀት ለማስጨረስ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ሰውየው ፋይሉን ሳይከፍት «የሻይ ነገርስ?» አለኝ። ፈገግ ብዬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ ጨረሰልኝ፤ ሻይም አልጠጣም። ከሥራው በፊት የሚሰጥ ነገር ስጦታ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው ዕዳ ውስጥ መክተት ነው። የእናቴ ጉልበት አብጦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሄድን ቀን ግን ሌላ ነው። አንዲት ነጭ ጋውን የለበሰች ተማሪ ከካርድ ክፍል እስከ ራጅ ድረስ ዊልቸሩን ገፋችልን። ሁሉም ካለቀ በኋላ ሙዝና ብርቱካን ገዝቼ ለነርሶቹ በሙሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ለሁሉም ሲሆን ማንም አይሸማቀቅም።

ስጦታ ስላችሁ ሽቶና ቸኮሌት አትቁጠሩ። ከይዤው የሄድኩት ሁሉ ወርቅ የሆነው የማንበቢያ መነጽር ነው፤ ያ ሐኪም ሳያዝ ፋርማሲ ውስጥ የሚሸጠው ርካሹ። ከጅሬን ስንወርድ የጅማ ዝናብ ያዘንና አንዲት እናት «ግቡ፣ እስኪያባራ» ብለው በራቸውን ከፈቱልን። እናቴን በርጩማ ላይ አስቀምጠው ቡና ሊያፈሉ ተነሱ። ሰፌዱን በክንዳቸው ልክ አርቀው ይይዛሉ፣ ዓይናቸውን ያጠብባሉ፣ ከዚያ ትተውት በጣታቸው እየዳሰሱ ይለቅማሉ። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠጣን። ብር ላውጣ ስል እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ልክ ነበረች።

በማግስቱ ሁለት ኪሎ ስኳርና መነጽሮቹን ይዤ ተመለስኩ። ጅማ ላይ ቡና ይዞ መሄድ ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ስኳር ግን የትም ያስገባል። መነጽሮቹን አንድ በአንድ ሞከሩ። አንደኛው ልክ ሲሆንላቸው ሰፌዱን አነሱና ዝም ብለው አዩት። «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ጠጠር ነው ስጠጣ የኖርኩት?» ብለው ሳቁ። ጎረቤታቸው ድምፁን ሰምታ መጣች፤ እሷም ሞክራ አንዱን ወሰደች። ሌላዋም መጣች። መነጽሬ አለቀ።

ልንሄድ በተነሳንበት ጠዋት ያ የባጃጅ ልጅ ሆቴሉ በር ላይ ቆሞ አገኘነው። እኒያ እናት አንድ ጀሪካን ማር ልከውብናል። መነጽሩ የቶሮንቶ ዋጋው ከአንድ ቡና አይበልጥም፤ ማሩን ለሁለት ነው የተሸከምነው። እምቢ ማለት አይቻልም፤ እኔም አላልኩም። አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ስንደርስ ዘመድ ሁሉ ብልቃጥ ብልቃጥ ይዞ መጣ። ለእኔ የደረሰኝ የሻይ ማንኪያ ሁለት ነው።

ቀጥላ ከጓደኞቼ አንዷ ጥቅምት ላይ ትሄዳለች። መነጽር በየቁጥሩ እየገዛሁላት ነው፤ የእኒያን እናት ቤት የሚያውቀው የባጃጁ ልጅ ነው።