ዝናብን ከሕዋ ለመለካት፦ ራዲዮሜትር ወይስ ራዳር?

እ.ኤ.አ. በ2014 ከጃፓን የተወነጨፈችው የጂፒኤም (ዝናብንና በረዶን ከሕዋ የሚለካ ዓለም አቀፍ ተልዕኮ) ዋና ሳተላይት ሁለቱንም መሣሪያዎች ተሸክማለች። ራዲዮሜትሩ ራሱ ምንም ሞገድ አይልክም፤ ከታች የሚመጣውን ደካማ የማይክሮዌቭ ጨረር ብቻ ይቀበላል። ራዳሩ ግን ሞገድ ልኮ ከጠብታዎቹ ነጥሮ የሚመለሰውን ይጠብቃል።

ራዲዮሜትሩ የሚዋጣለት ባሕር ላይ ነው። የባሕር ወለል በማይክሮዌቭ ሲታይ ቀዝቃዛ ስለሚመስል፣ የዝናብ ጠብታዎች የሚለቁት ጨረር ከሥሩ ካለው ውሃ ሞቆ ይለያል። የብስ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። መሬቱ ራሱ ብዙ ጨረር ስለሚለቅ የጠብታዎቹ ምልክት ይዋጣል። ያኔ የሚቀረው፣ በደመናው አናት ያለው በረዶ በ89 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለውን ጨረር ምን ያህል እንደበተነው አይቶ መገመት ነው። ተራራ ላይ በረዶ ያልያዘ ደመና ሲያዘንብ (አስቸጋሪው ዝናብ ይኼ ነው) መሣሪያው እንዳላየ ሊያልፈው ይችላል።

ራዳሩ ደመናውን ከላይ ወደ ታች በ250 ሜትር ልዩነት ይፈትሸዋል፤ በረዶው የሚቀልጥበትን ከፍታ እንኳ ለይቶ ያሳያል። ችግሩ የእይታው ጥበት ነው፦ እሱ 245 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ሲቃኝ ራዲዮሜትሩ ወደ 900 ይደርሳል። ቀላል ካፊያም ያመልጠዋል።

ለትክክለኛነት ከሆነ እኔ ራዳሩን እመርጣለሁ። ዓለምን በየጥቂት ሰዓቱ ለማዳረስ ግን በብዙ ሳተላይቶች ላይ የተጫኑት ራዲዮሜትሮች ይሻላሉ፤ ግምታቸው የሚታረመውም በራዳሩ ልኬት ነው።