ጣሪያው ሲከፈትና ሲዘጋ ሳታዩ ኮንቨርቲብል እንዳትገዙ

ወገኖቼ፣ ያገለገለ የቅንጦት መኪና፣ በተለይ ባለሁለት በርና ጣሪያው የሚከፈት፣ በወረደ ዋጋ ሲሸጥ ካያችሁ አትቸኩሉ። የወረደው የመኪናው ዋጋ እንጂ የመለዋወጫው አይደለም። አዲስ ሳለ ውድ የነበረ መኪና አርጅቶም እንደ ውድ መኪና ነው የሚጠገነው።

በቅርቡ ከአንድ ወዳጄ ጋር እንዲህ ያለ መኪና ልናይ ሄድን። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ሽቶ በሽቶ ነው። «ጣሪያውን ክፈትልን» ስንለው ሻጩ «ባትሪው ደክሞ ነው እንጂ ይሠራል» አለ። ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ያለውን ሞኬት በእጄ ጫን አልኩት። ላዩ ደረቅ ነው። ከሥሩ ግን ውሃ በጣቶቼ መሃል ወጣ። ትተነው ሄድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጣሪያው ዙሪያ የዝናብ ውሃ የሚወርድባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። ቅጠልና አቧራ ሲደፍናቸው ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል። በብዙዎቹ የቅንጦት መኪናዎች ደግሞ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮቹና የኤሌክትሪክ መስመሮቹ ወንበር ሥር፣ ሞኬት ሥር ወይም ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ናቸው። እነሱ ከዛጉ ዛሬ መስኮቱ እምቢ ይላል፣ ነገ አላርሙ ራሱ ይጮኻል፣ ከነገ ወዲያ መኪናው አይነሳም። የተበላሸውን መቀየር ብቻውን አይበቃም፣ አዲሱ ዕቃ ከመኪናው ጋር እንዲናበብ ፕሮግራም መደረግ አለበት። ስለዚህ ሽቶ ሲበዛ ጠርጥሩ።

ጣሪያውን ደጋግማችሁ አስከፍቱ፣ አስዘጉ። መሃል ላይ ከቆመ ወይም ፓምፑ እያቃሰተ ከሄደ የሃይድሮሊክ (ጣሪያውን በዘይት ግፊት የሚያንቀሳቅሰው ክፍል) ችግር ሊሆን ይችላል። ከፊት መስታወቱ በላይ ያለውን ጨርቅም ተመልከቱ፣ የዘይት እድፍ ካለ የጣሪያው የሃይድሮሊክ ሲሊንደር እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይጠብቃችሁ። ቀድሞ ከተነሳ፣ ዘይት የሚያቃጥል ሞተር ሲነሳ የሚያወጣውን ሰማያዊ ጭስ አታዩም። እንደደረሳችሁ ኮፈኑን ዳስሱት።

እያንዳንዱ ሞዴል የራሱ በሽታ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2011 የተሠራው መርሴዲስ ኤስኤል ኤቢሲ የሚባለው የሃይድሮሊክ ሰስፔንሽን (መኪናውን በዘይት ግፊት የሚሸከመው) ካለው፣ ሲቆም በአንድ በኩል ዝቅ ብሎ ያድር እንደሆነ ጠይቁ። ኢ46 የሚባለው ቢኤምደብልዩ ኤም3 ከኋላ ወለሉ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ሊፍት ላይ ካልወጣ አይታይም። ፖርሽ 911 ከሆነ፣ 996 በሚባለው ትውልድ፣ አይኤምኤስ ቤሪንጉ (ሞተሩ ውስጥ ያለውን መካከለኛ ዘንግ የሚሸከመው ኩሽኔታ) ተቀይሮ እንደሆነ ሻጩ በደረሰኝ ያሳያችሁ። እሱ ከተሰበረ ሞተሩ አለቀለት። በቃል «ተቀይሯል» መባሉ ምንም ዋጋ የለውም።

ሻጩ እናንተ የመረጣችሁት መካኒክ ሊፍት ላይ አውጥቶ እንዲያየው ካልፈቀደ ቀብድ አትስጡ። «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ቢላችሁም እሱ ይግዛው።