ጎንደር ለምትመጡ፦ ምስጋና ለዶልፊኑ ሾፌር

ይህን ጽሁፍ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ልጽፈው ስል ስል እስከ ዛሬ ቆየ። እንግዳ ሸኝቶ ቤት እስኪስተካከል መቼም ታውቁታላችሁ።

ወንድሜ ለጥምቀት ከአሜሪካ መጣ፤ ከነልጁ። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሳን ሆዜ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛ የምትሰማ፣ ስትናገረው ግን የምትሰባብረው። ጥምቀቱን እዚህ በፋሲለደስ መዋኛ አየች። ወጣቶቹ ውኃው ውስጥ ሲዘሉ ስታይ እኔም እዘላለሁ ብላ አባቷን አስጨነቀችው። በዓሉ ሲያልፍ ግን ሶፋው ላይ ተጋድማ ታብሌቷን መነካካት ሆነ ሥራዋ። አንድ ማታ ቀና ብላ "አክስቴ፣ ጎንደር ዓሣ ነባሪ የት ነው የሚታየው?" አለችኝ።

ሳቅሁ። እሷ ግን የምሯን ነው። ከቤታቸው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ተነድቶ ሞንተሬይ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች። ባለፈው ክረምት አባቷ ወስዷት ጠዋት ከተማዋን ሲዞሩ ውለው፣ ከሰዓት ጀልባ ተሳፍረው ዓሣ ነባሪ አይተዋል። ከዚያ ወዲህ ለእሷ ሽርሽር ማለት ይሄ ነው፤ ከተማ ይዞራል፣ ጀልባ ይወጣል፣ አንድ ትልቅ ነገር ይታያል። "እኛ ጋ እኮ ባሕር የለም" ልላት አፌን ስከፍት እናቴ ከወዲያ "ጣናስ?" አለች። እናቴ ጣናን ሐይቅ ብላ አታውቅም። ባሕር ነው።

ዓሣ ነባሪ ባይኖር ጉማሬ አለ። እኔ ግን ጉማሬ ሲባል ሆዴ ይፈራል። ከዓመታት በፊት ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ሌላ ቦታ ሄደን ነበር። የወሰዱንን ሰዎች ስም አልጠራም። "መቶ ፐርሰንት ታያላችሁ" ብለው ገንዘቡን ቀድመው ተቀበሉ። ላይፍ ጃኬት የሚባል ነገር የለም። ጉማሬው ብቅ ሲል ሞተሩን አጩኸው ቀጥ ብለው ወደ እሱ ነዱብን። ዐይኔን ጨፍኜ ሄጄ ዐይኔን ጨፍኜ ተመለስኩ። ስለ ጉማሬው ብትጠይቁኝ የማውቀው ነገር የለም።

ስለዚህ ሰው አጠያየቅሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የዚህን ልጅ ቁጥር ሰጠችኝ። ልጅ እላለሁ እንጂ አርባውን ሳይደፍን አይቀርም። በፊት ባዮሎጂ አስተማሪ ነበር፤ አሁን የራሱን መኪና እየነዳ ራሱ ያስጎበኛል። ደወልኩለትና ጉማሬ እናያለን ወይ ስለው "ላናይም እንችላለን። ጉማሬውን አላዘውም" አለኝ። እዚያው ላይ ወደድኩት።

ከዚያ እሱ ይጠይቀኝ ጀመር። ስንት ናችሁ? የሚጾም አለ? እናትሽ ደረጃ ይወጣሉ? ልጅቷ ዋና ትችላለች? ዋጋውን ነዳጁን፣ የእሱን እና የጀልባውን ለያይቶ በቴሌግራም ላከልኝ። የመግቢያ ትኬት ለብቻ መሆኑንም ጻፈ። ከመሄዳችን ሁለት ቀን ቀድሞ ጣና ዳር ጎርጎራ ደውሎ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣራ። በዋዜማውም ደግሞ ደወለ።

ለልጅቷ "ነገ ዶልፊን ይወስደናል" ያልኳት እኔ ነኝ፤ ዶልፊን እኛ ጋ የሚኒባስ ስም መሆኑን አልነገርኳትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አደረች። ጠዋት በር ላይ ነጭ ሚኒባስ ቆሞ ስታይ ፊቷ ወደቀ። ሾፌሩ ነገሩ ሲገባው ሳቁን ዋጥ አድርጎ የመኪናውን አፍንጫ መታ መታ አደረገና "እይው እስቲ፣ ዶልፊን አይመስልም?" አላት። ዞር ብላ አየችው። ትንሽ ይመስላል አለች።

ብዙ አስጎብኚ ጠዋት ግንብ፣ ከሰዓት ሌላ ነው የሚያደርገው። እሱ ገለበጠው። ጣና ላይ ከሰዓት ንፋስ ይነሳል፣ ጠዋት ግን ውኃው እንደ መስታወት ነው አለን። ግንቡ ደግሞ ወደ ማታ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው የሚያምረው። ሊነጋጋ ሲል ተነሣን። በአዘዞ፣ በቆላ ድባ አድርጎ የደንቢያን ሜዳ እየሰነጠቀ ጎርጎራ ድረስ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ነው። እናቴ መንገዱን ሙሉ የማንን እርሻ የማን እንደወረሰው ስታወራ ሄደች።

ጀልባው ጋ ስንደርስ መጀመሪያ ያወጣው ላይፍ ጃኬት ነው። የልጅ ልክ ጭምር። እናቴ "እኔ እንኳ ይቅርብኝ" ስትል "እማማ፣ አንቱ ካልለበሱ ጀልባዋ አትነሣም" አላት። ለመውጫ ትንሽ በርጩማ ከመኪናው አምጥቶ ነበር። የእናቴ ጉልበት እንደሚያማት በስልክ አንዴ ነው የነገርኩት። በርጩማዋን ድንጋዩ ላይ አስተካክሎ አንድ እጁን ለእናቴ፣ አንድ እጁን ለጀልባዋ ሰጥቶ አሻገራት።

ባለ ጀልባው ሽማግሌ ናቸው፤ ወሬ አያበዙም። ደንገሉ ዳር ዳሩን ይዘው ትንሽ እንደነዱ ሞተሩን አጠፉት። ፔሊካኖች አሉ። ከአውሮፓ ብርዱን ሸሽተው የመጡ ወፎች አሉ። አንድ ሰው በደንገል ታንኳ መረቡን እየሰበሰበ ያልፋል። ሌላ ምንም የለም። ተቀመጥን።

አሁን ሌላው አስጎብኚ ቢሆን ይህን ዝምታ በወሬ ይሞላው ነበር። እሱ ግን ወደ ልጅቷ ዞሮ "እስቲ የሞንተሬይን ንገሪን" አላት። ነገረችን። በእንግሊዝኛም በአማርኛም በእጇም። ሃምፕባክ የሚባለው ዓይነት ነው ያዩት። ከጀልባቸው ይረዝማል። መጀመሪያ የሚታየው እንደ ጭስ ወደ ላይ የሚወጣ ትንፋሹ ነው። ወደ ታች ሲጠልቅ ጭራውን ያነሣል፤ የጭራው ሥር ያለው ነጭና ጥቁር ምልክት እንደ ሰው አሻራ ነው፣ የአንዱ ከአንዱ አይገጥምም፤ በእሱ ይለዩዋቸዋል። እሷ ሁለት ጊዜ አስመልሷታል፤ ይህንንም አልደበቀችም። ሾፌሩ ቀጠል አድርጎ ዓሣ ነባሪዎቹ እዚያ ለምን እንደሚበዙ አስረዳን። ከሞንተሬይ ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ የባሕሩ ወለል ተሰንጥቆ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይወርዳል። ከዚያ ጥልቀት የሚወጣው ቀዝቃዛ ውኃ ምግብ ይዞ ይመጣል፤ ትንንሾቹ ዓሦች ምግቡን ተከትለው፣ ዓሣ ነባሪዎቹ ዓሦቹን ተከትለው ይመጣሉ። ጣና ግን ጥልቅ በሚባልበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። "ለጉማሬ ደግሞ ይሄ ነው የሚስማማው፤ ጉማሬ እኮ ዋናተኛ አይደለም፣ ታችኛውን መሬት እየረገጠ ነው የሚሄደው" አለ።

እናቴ ሁሉንም ሰምታ "ዮናስን የዋጠው ነው?" አለች። የነነዌ ጾም ሊገባ ጥቂት ነው የቀረው፤ ዮናስ አፏ ላይ ነው። ልጅቷ ዮናስ ማን እንደሆነ ጠየቀች። ይኸውላችሁ፣ ጀልባ ላይ ሰበካ ተጀመረ።

ነነዌ ሳንደርስ ልጅቷ "ሦስት ሰዓት ላይ! ሦስት ሰዓት ላይ!" ብላ ጮኸች። ባለ ጀልባው ሰዓታቸውን አይተው "ምን፣ ገና ሁለት ተኩል ነው" አሉ። ለካስ እዚያ ዓሣ ነባሪ ሲታይ አቅጣጫው የሚነገረው በሰዓት ነው፤ የጀልባዋ አፍንጫ 12፣ ቀኝ እጅ 3። ወደ ቀኝ ዞርን። ሦስት ጥቁር ድንጋይ። አንዱ ድንጋይ ጆሮውን አራገፈ።

እንዲህ ነው ጉማሬ የሚታየው። ጆሮ፣ ዐይን፣ አፍንጫ ብቻ፤ ሌላው ሁሉ ውኃ ውስጥ። አንዱ "ፉፍ" ብሎ ተነፈሰና ውኃው እንደ ጉም ተበተነ። ልጅቷ እጄን ጨምድዳ ይዛ "እንደ ዓሣ ነባሪ ተነፈሰ!" አለች። ሾፌሩ ይህንን ሲጠብቅ ኖሯል መሰለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ዘመዱ ነዋ" አላት። ዛሬ በሕይወት ካሉ እንስሳት ሁሉ ለዓሣ ነባሪ ቅርብ ዘመድ ጉማሬ ነው። ዓሣም አይደል፣ አሳማም አይደል። ሁለቱ ከተለያዩ ከ50 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው፤ አንዱ ባሕር ገባ፣ አንዱ እዚህ ቀረ። ጉማሬም ልጁን ውኃ ውስጥ ማጥባት ይችላል፤ ውኃ ውስጥ ሆኖም ይጣራል። ወንድሜ ይህንን ሲሰማ "ስለዚህ አንተ ጉማሬው ነህ፣ እኔ ዓሣ ነባሪው" የሚል ቀልድ አመጣ፤ ስደተኛ ሁሉን ነገር ወደ ራሱ ነው የሚወስደው።

ልጅቷ በሰዓቷ ቆጠረች። አንዱ ሲጠልቅ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ቆይቶ ወጣ። ባለ ጀልባው "ጆሮው የተተረተረውን እዩት፤ አምናም ነበር" አሉ። የሞንተሬዮቹ በጭራ፣ እሳቸው በጆሮ።

ከመካከላቸው ትልቁ አፉን ከፈተ። እኔ ፎቶ ላነሳ ተነሣሁ። ሾፌሩ ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ። ማዛጋቱ አይደለም አለኝ፤ ጥርሱን ማሳየቱ ነው፣ በቃችሁ ማለቱ ነው። ሞተሩ ሳይጮህ በመቅዘፊያ ወደ ኋላ ራቅን። ልጅቷ አሜሪካ ከዓሣ ነባሪው 100 ያርድ (90 ሜትር ገደማ) መራቅ እንደሚመከር ነገረችው። "እኛም ከዚያ አንቀርብም" አላት። ከመቶ ያርድ የታየ ጉማሬ ስልክ ላይ ነጥብ ነው የሚመስለው። ፎቶ ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ እወቁት።

ከዚያ ወደ ወንዙ አፍ ልንሻገር ነበር፤ እምቦጭ አረሙ መንገዱን ዘጋው። አረንጓዴ ምንጣፍ ነው የሚመስለው፣ ወይን ጠጅ አበባውም ያምራል። ጣና ላይ መጀመሪያ የታየው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ሕዝብ በእጁ ሲነቅለው ኖረ። ተመለስን። ሾፌሩ የቀረውን ግማሽ ሰዓት ከጀልባው ሂሳብ አስቀንሶ ብሩን ለወንድሜ መለሰለት። አልጠየቅነውም።

ምሳ ቀረሶ ጥብስ በዳጣ። ረቡዕ ስለነበር እናቴ ዓሣውን አልነካችም፤ ለእሷ ቀድሞ ሽሮ አዝዞላት ነበር። ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልመን፣ ሥዕሎቿን አይተን ተመለስን።

የጎንደሩን ለእኛው ሰው ብዙ አልተርክም፤ ታውቁታላችሁ። ግን እኔ እዚሁ ተወልጄ የማላውቀውን ነገረኝ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስንገባ ምንም ሳይናገር አስቀመጠንና "አሁን ወደ ላይ እዩ" አለ። ጣሪያው ሙሉ የመላእክት ፊት። ልጅቷ ስትቆጥር አንገቷ ተጣመመ። በ1888 እ.ኤ.አ. ድርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ይቺን የንብ መንጋ አዳናት ይባላል። ልጅቷ ንቦቹ አሁን የት እንዳሉ ጠየቀች፤ መልስ ያጣው እዚህ ጋ ብቻ ነው።

ግንቡ ጋ ዓመተ ምሕረት አልደረደረም። የፋሲልን ግንብ "እንቁላል ግንብ" እንደሚሉት ነግሯት እንቁላሎቹን ፈልጊ አላት። አራቱንም ማማ ከነጉልላቱ አገኘች። የታላቁ ኢያሱ ግንብ ለምን ጣሪያ እንደሌለው ሲነግረን ግን ቆም አልኩ። አንድም የመሬት መንቀጥቀጥ፣ አንድም በ1941 እ.ኤ.አ. ጎንደር የጣልያን የመጨረሻ ምሽግ ስትሆን የእንግሊዝ አውሮፕላን የጣለው ቦምብ ነው። በዚያ ቅጥር ሥር ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ፤ ጣሪያውን ጠይቄ አላውቅም። እናቴ በበርጩማዋ ጥላ ሥር ተቀምጣ ጠበቀችን። በርጩማዋ እዚህም መጥታለች።

ጉድለት አልሸሽግም። መኪናው ውስጥ ሙቀት አለ፣ ኤሲው አይሠራም። ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፤ ችኩል ሰው ይናደዳል። ስለ ኳስ ከጀመረ አያቆምም፤ ወንድሜ ደግሞ አባባሰው።

ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፣ ቁጥሩንም አልለጥፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ለጥምቀት ሰሞን ከሆነ በኅዳር ደውሉለት፤ ከዚያ በኋላ አታገኙትም። ፒያሳ ቆሞ ካያችሁትም ትለዩታላችሁ። ነጭ ዶልፊን ነው። የኋላ መስታወቱ ላይ በእርሳስ የተሳለ ጉማሬና ዓሣ ነባሪ ተለጥፏል፤ ከሥሩ በልጅ እጅ "ዘመዳሞች" ተብሎ ተጽፏል፣ "ዘ" ወደ ግራ ዞራለች።