ዘጠኝ ድል ያልበቃት ኔብራስካ፦ የአሰልጣኝ ቦ ፔሊኒ ዘመን ሲመዘን

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለአሜሪካን ፉትቦል (ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትና የሚወረወርበት ጨዋታ) ቡድኑ አሰልጣኝ ሲቀጥር የሚፈጽመው ነገር ከትልቅ የዕቃ ግዢ ብዙም አይለይም፤ ዋጋው በሚሊዮን ዶላር ይቆጠራል፣ ውሉ ለዓመታት ያስራል፣ ዕቃው አልተስማማኝም ብሎ መመለስም ራሱን የቻለ ክፍያ አለው። ስለዚህ የአንድን አሰልጣኝ ዘመን የሚገመግም ሰው የተከፈለውንና የተገኘውን ብቻ ሳይሆን፣ በዚያው ገንዘብ ገበያው ላይ ሌላ ምን ይገኝ እንደነበርም ማየት አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2014 የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲን ቡድን የመሩት ቦ ፔሊኒ በዚህ መንገድ ሲመዘኑ፣ ካሰናበቷቸው ሰዎች ግምት የተሻለ፣ ዛሬ በናፍቆት ከሚያነሷቸው ደጋፊዎች ግምት ደግሞ ያነሰ ውጤት ያገኛሉ።

ፔሊኒ በሰባቱም የውድድር ዘመናት አንድም ጊዜ ከዘጠኝ ድል በታች አላስመዘገቡም። ከ2008 እስከ 2013 ያሉት ስድስት ዓመታት፣ በሚያስገርም ሁኔታ፣ እያንዳንዳቸው በአራት ሽንፈት ተጠናቀዋል። በ2014 ደግሞ መደበኛውን የውድድር ዘመን በ9 ድልና በ3 ሽንፈት ጨርሰው፣ አዮዋን በሜዳዋ በጭማሪ ሰዓት 37 ለ 34 ካሸነፉ ከሁለት ቀን በኋላ ተሰናበቱ። የአርሰናል ደጋፊ የሆነ አንባቢ ክርክሩን ያውቀዋል፤ በአሰልጣኙ አርሴን ቬንገር የመጨረሻ ዓመታት ስለ አራተኛ ደረጃ ይነሳ የነበረው ሙግት በዩኒቨርሲቲው መቀመጫ በሊንከን ከተማ ስለ አራት ሽንፈት ይነሳ ነበር።

የዚህ ዘመን ምርጥ ምርት የ2009 የተከላካይ መስመር ነው። በዚያ ዓመት ኔብራስካ በነበረችበት ኮንፈረንስ (የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ምድብ)፣ በቢግ ትዌልቭ፣ የፍጻሜ ጨዋታ የኔብራስካው ተከላካይ ኢንዳሙኮንግ ሱ የቴክሳሱን ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራውን ኳስ ወርዋሪ) ኮልት ማኮይን ደጋግሞ ከነኳሱ መሬት ላይ ሲጥለው ያየ ሰው የፔሊኒን ችሎታ ሊጠራጠር አይችልም። ይሁን እንጂ የድክመቱም ፍሬ እዚያው ጨዋታ ውስጥ ነበረ፤ የኔብራስካ አጥቂ ክፍል አንድም ተችዳውን (ኳሱን እስከ ተጋጣሚ መጨረሻ ክልል የማድረስ ነጥብ) አላገኘም፣ የቡድኑ 12 ነጥቦች በሙሉ ከአራት ፊልድ ጎሎች (በእግር ተመትተው ሦስት ሦስት ነጥብ ከሚያስገኙ ምቶች) የመጡ ናቸው። ማኮይ የመጨረሻዋን ኳስ ከሜዳ ውጪ ሲወረውር ሰዓቱ ዜሮ ደርሶ ነበር፤ ዳኞቹ ምስሉን መርምረው አንድ ሰከንድ መለሱ፣ የቴክሳሱ ሀንተር ሎረንስም ከ46 ያርድ (ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል) መትቶ ጨዋታውን 13 ለ 12 ጨረሰው። በቀጣዩ ዓመት በተመሳሳይ ፍጻሜ ኦክላሆማን 17 ለ 0 ከመሩ በኋላ 23 ለ 20 ተሸነፉ። ፔሊኒ ኔብራስካ ውስጥ ለዋንጫ ከዚህ በላይ ቀርበው አያውቁም።

ቡድኑ በ2011 ወደ ሌላ ኮንፈረንስ፣ ወደ ቢግ ቴን፣ ከተዛወረ በኋላ ጉድለቱ ሌላ መልክ ያዘ። መሸነፍ አንድ ነገር ነው፤ ፔሊኒን ያህል የመከላከል ሊቅ ይዞ በዊስኮንሲን መረገጥ ግን ሌላ ነው። በ2012 የኮንፈረንሱ ፍጻሜ ላይ ኔብራስካን 70 ለ 31 ያሸነፈው ዊስኮንሲን እስከዚያ ቀን አምስት ጊዜ የተሸነፈ፣ እዚያም የደረሰው ከእሱ በላይ የነበሩት ኦሃዮ ስቴትና ፔን ስቴት በቅጣት ስለታገዱ ነው። በኅዳር 2014 ደግሞ ኔብራስካ 17 ለ 3 እየመራ በነበረበት ጨዋታ ሜልቪን ጎርደን የተባለ ሯጭ ከጨዋታው አራት ሩቦች በሦስቱ ብቻ፣ በ25 ሩጫ፣ 408 ያርድ ሄዶበታል፤ ውጤቱም 59 ለ 24 ሆነ። አንድ ሯጭ ያንን ያህል እስኪሄድ ድረስ ማስተካከያ ያላገኘ አሰልጣኝ በሙያው የተመሰገነበትን ነገር ራሱ አላቀረበም ማለት ነው። በዚህ ላይ ቁጣቸው ነበረ። ደጋፊዎችን በስድብ ያነሱበት የድምፅ ቅጂ በ2013 ሲወጣ ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ሆኖም ቲኬቱን ከ1962 ጀምሮ አንድም ጨዋታ ሳያስቀር ሸጦ የሚጨርስ ሕዝብ እንዲህ ያለውን ነገር በቀላሉ አይረሳም።

ጥያቄው ሕዝቡ ይጠብቅ የነበረው ነገር ትክክል ነበር ወይ የሚለው ነው። የኔብራስካ መለኪያ የቀድሞው አሰልጣኝ ቶም ኦስቦርን ናቸው፤ በ25 ዓመታት 255 ድል፣ በ1994፣ በ1995 እና በ1997 ሦስት ብሔራዊ ሻምፒዮናዎች። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ኦስቦርን የመጀመሪያውን ሻምፒዮና ያገኙት በ22ኛው የውድድር ዘመናቸው መሆኑን ነው፤ እስከዚያ ድረስ የነበራቸው መታወቂያ በየዓመቱ ቢያንስ ዘጠኝ ጨዋታ የማሸነፍ ጽናት ነበር። ፔሊኒን የቀጠሩትም በስፖርት ዳይሬክተርነታቸው እኚሁ ኦስቦርን ናቸው።

የኦስቦርን ቡድን የቆመባቸው ምሰሶዎችም ፔሊኒ ሲመጡ አልነበሩም። ኔብራስካ በፔሊኒ ዘመን ሁለት ሚሊዮን የማይሞላ ሕዝብ የነበራት፣ ራሷ የምታፈራቸው ምልምሎች ጥቂት የሆኑ ግዛት ናት። በ1969 ቦይድ ኤፕሊን ቀጥራ የጀመረችው የክብደት ማንሳት ሥልጠና ሌሎችን የምትበልጥበት ሚስጥር ነበር፤ በኋላ ሁሉም ቀዳው። አንድ ቡድን የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ከ105 ወደ 95፣ ከዚያም በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ 85 ሲወርድ፣ ትልልቆቹ ቡድኖች ያከማቿቸው የነበሩት ተጫዋቾች ወደ ሌሎች ተበተኑ። ወደ ቢግ ቴን መዛወሩ ደግሞ ቡድኑ በየዓመቱ ቴክሳስ ውስጥ ተጫውቶ በወጣቶች ዓይን የሚገባበትን ዕድል አሳጣው። በእኔ ግምት እንዲህ ያለ ፕሮግራም በእውነት ሊጠብቅ የሚገባው ስምንት ወይም ዘጠኝ ድል፣ በየአራትና አምስት ዓመቱ አንድ የኮንፈረንስ ፍጻሜ፣ ጥሩ ትውልድ ሲገጥም ደግሞ አንድ ዋንጫ ነው። ፔሊኒ ከዋንጫው በስተቀር ሁሉንም አቅርበዋል።

ዩኒቨርሲቲው ይህንን ስህተት ሲሠራ የመጀመሪያው አልነበረም። በ2003 አሰልጣኝ ፍራንክ ሶሊችን በ9 ድልና በ3 ሽንፈት አሰናብቶ በተተኪው በቢል ካላሃን አራት ዓመት ከስሯል። በ2014 ለፔሊኒ ከሰባት ሚሊዮን ዶላር በላይ የማሰናበቻ ዕዳ ተሸክሞ ያመጣው ማይክ ራይሊን ነው፤ በዚያው ዓመት ኦሪገን ስቴትን ይዘው አምስት ጨዋታ ብቻ ያሸነፉ፣ ጨዋነታቸው ግን የማይታማ ሰው። ለቁጣ የተገዛ መድኃኒት መሆኑ ግልጽ ነው፤ ለ408ቱ ያርድ ግን መፍትሔ አልነበረም። ራይሊ በሦስት ዓመት 19 አሸንፈው 19 ተሸነፉ። ቀጥለው የመጡት ስኮት ፍሮስት፣ በ1997 ሻምፒዮን የሆነው ቡድን ኳርተርባክ የነበሩት የቤቱ ልጅ፣ 16 አሸንፈው 31 ተሸንፈው በ2022 ሲሰናበቱ ዩኒቨርሲቲው 15 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ፔሊኒ በመጨረሻ ጨዋታቸው ያሸነፏት አዮዋ ከዚያ በኋላ ኔብራስካን ሰባት ዓመት በተከታታይ አሸንፋለች፤ በ2024 በአሰልጣኝ ማት ሩል ሥር የተገኘው 7 ድልና 6 ሽንፈት በሊንከን በደስታ የተቀበሉት፣ ከ2016 ወዲህ ቡድኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቦል ጨዋታ (በቂ ድል ላገኙ ቡድኖች ከመደበኛው ውድድር በኋላ ወደሚደረግ ጨዋታ) ያደረሰ ውጤት ነው።

ለፔሊኒ ሰባት ዓመታት ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል እሰጣለሁ፤ አንዱ የተቀነሰው ለዊስኮንሲን ጨዋታዎች ሲሆን ግማሹ ለምላሳቸው ነው። ለስንብቱ ውሳኔ ሁለት እሰጣለሁ፣ ምክንያቱም የሰውዬው ጠባይ ለሌላ ሰባት ዓመት አያስኬድም የሚል አሳማኝ መከራከሪያ ነበረ። ተተኪን ሳያዘጋጁ ለማሰናበት ግን አንድ እንኳ ይበዛል።