«ወፍ የለም ማዘር»፦ ስለ አብጃታ ሻላ የቤተሰብ ጉዞ ማስጠንቀቂያ

ጎበዝ፣ ቴሌግራም ላይ ወደ አብጃታ ሻላ ፓርክ «የቤተሰብ የወፍ ጉዞ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ብር ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ትናንት ማታ ነው የተመለስነው። ንዴቱ እንቅልፍ ነስቶኛል።

አዘጋጆቹን ታውቋቸዋላችሁ። አንድ ዓይነት ቲሸርት፣ ትልቅ ስፒከር፣ መነሻ ስታዲየም 11:30፣ «የዘገየ አይጠበቅም»። ከዚያ እነሱ ራሳቸው 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ ዓይናቸውን እያሹ ብቅ ይላሉ። ወፍ ማለዳ እንደሚታይ፣ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ እንደሚይዝ የነገራቸው የለም መሰለኝ።

ለአዋቂ 4,500፣ ለልጅ 3,000 ብር ከፍለናል። ቃል የተገባልን፦ የፓርክ መግቢያ፣ ቁርስና ምሳ፣ የወፍ ባለሙያ፣ ለየልጁ ባይናኩላር፣ ጪቱ ሐይቅ ላይ ፍላሚንጎ። ልቤን የወሰደው ይሄ ጪቱ የሚለው ነው። ሌላው አዘጋጅ «አብጃታ» ብሎ ያልፋል። የአብጃታ ሐይቅ ግን ከዓመት ዓመት እየሸሸ ነው። የሚገባለት ውሃ ለመስኖ ይጠለፋል፣ የሶዳ አሽ ፋብሪካውም ሲስበው ኖሯል። ዓሣው ሲያልቅ፣ ሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለ ደሴት ላይ ጎጆ እየሠሩ ከአብጃታ ያጠምዱ የነበሩት ፔሊካኖችም ተመናመኑ። ጪቱ ከሻላ በስተደቡብ ያለች ትንሽ ሐይቅ ናት፤ ሶዳማው ውሃዋ ፍላሚንጎ የሚመገበው አረንጓዴ ነገር ሞልቶበታል። ይህን ለይቶ የጻፈ ሰው ሥራውን ያውቃል ብለን ከፈልን። ልጄ የሚያያቸውን ወፎች ስም ደብተር ላይ ጽፎ፣ በየጎኑ ለምልክት ሣጥን አስምሮ ነበር።

ባቱ ላይ ቁርስ በላን። ሐይቁ ዳር አባ ኮዳዎቹ የዓሣ አንጀት ሲሻሙ ልጆቹ በደስታ ጮኹ። ባይናኩላር የተባለው ለአውቶቡሱ ሙሉ አንድ ነው፣ ያውም መጫወቻ። «የወፍ ባለሙያው» ውሃ የሚያድለውና ሙዚቃ የሚቀይረው ልጅ ሆኖ ተገኘ። ልጄ ውሃው ላይ እያንዣበበች የምትወረወር ጥቁርና ነጭ ወፍ አሳይቶ ስሟን ጠየቀው። «ወፍ ናት» አለው።

ቡልቡላን አለፍን። በዚያ መንገድ የሄደ ሁሉ ያውቃል፣ ፓርኩ በቀኝ፣ ላንጋኖ በግራ ነው። አውቶቡሱ ወደ ግራ ታጠፈ። አስተባባሪው ማይኩን አነሳ። «ቤተሰብ! ፓርኩ ዛሬ ለጥገና ተዘግቷል። በምትኩ ላንጋኖ ዋና አዘጋጅተንላችኋል! ጭብጨባ!» ከፊት ያሉት አጨበጨቡ። ባለቤቴ «ማን ነው ተዘጋ ያላችሁ?» ብሎ ተነሳ። «አባባ፣ ይረጋጉ» አለው፣ አርባ ያልሞላውን ሰውዬ። ሙዚቃው ከፍ ተደረገ።

ሪዞርቱ በር ላይ አንድ ቤተሰብ ከመኪና ሲወርድ አገኘን። ከየት ናችሁ ስንላቸው «አሁን ከፓርኩ መውጣታችን ነው» አሉ። የሰጎን ፎቶ አሳዩን። የዕለቱን የመግቢያ ደረሰኝም አሳዩን።

አስተባባሪው ጋ ሄድኩ። ጥብስ ቀርቦለት ከጓደኞቹ ጋር ይበላል። ፓርኩ ክፍት ነው አይደል እንዴ አልኩት። ከወንበሩ አልተነሳም፣ ጉርሻውንም አልዋጠም። «ማዘር፣ እዛ ወፍ የለም» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። ከ400 በላይ የወፍ ዓይነት የተመዘገበበት ፓርክ ነው የምላችሁ! ከዚያ ምንም ሳያፍር ሒሳቡን ነገረኝ። «ለዚህ ሁሉ ሰው መግቢያ ከፍለን፣ ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ይዘን፣ አውቶቡሱን በዛ ኮረኮንች ጪቱ ድረስ ብንነዳው እኛ ምን ይተርፈናል? ፍላሚንጎ እንደሆነ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል።» ልጄ ደብተሩን እንደያዘ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። ወደ እሱ ዞሮ «አንተ ደግሞ ዋና አትወድም እንዴ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነህ?» አለው።

እስከ ዛሬ ድረስ የሰው ፊት እንደዚያ አስጠልቶኝ አያውቅም።

የሪዞርቱን መግቢያ ደግሞ ከኪሳችን ከፈልን። የዋና ልብስ የያዘ የለም፤ ልጆቹ አሸዋ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ማታ ግሩፑ ላይ ብራችንን መልሱ ብዬ ስጽፍ «ቀብድ አይመለስም» የሚል መልስ መጣ። የከፈልነው እኮ ቀብድ አይደለም፣ ሙሉውን ነው። ይህንኑ ስጽፍ ከግሩፑ አስወጡኝ። በባለቤቴ ስልክ ስናይ ለመጪው እሁድ ያንኑ ማስታወቂያ፣ ያንኑ የፍላሚንጎ ፎቶ ለጥፈዋል።

መሄድ የፈለጋችሁ ከሌላ ቤተሰብ ጋር መኪና ተከራዩና ራሳችሁ ሂዱ፤ ስካውት እዚያው በሩ ላይ ታገኛላችሁ። በአዘጋጅ ከሄዳችሁም ግማሹን ፓርኩ በር ላይ ክፈሉ። በእነዚህ ሰዎች የተበላ ሌላ ቤተሰብ ካለ የክፍያ ደረሰኙን ይዞ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አብረን እናመለክታለን።